ሮምን በአስጎብኚ ወይስ በሩጫ? ለተጓዥ የተዘጋጀ ንጽጽር

የሮም ጥንታዊ ክፍል በእግር የሚሸፈን ነው። ከፒያሳ ዴል ፖፖሎ ተነሥቶ በቪያ ዴል ኮርሶ ቀጥ ብሎ የሄደ ሰው ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል እንደተጓዘ ኮሎሲየም ፊት ለፊት ይደርሳል፤ ከኮሎሲየም እስከ ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ያለው ርቀትም ከአራት ኪሎ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ ጥቂት ቀናት ብቻ ያሉት እንግዳ፣ በተለይም የመሮጫ ጫማውን በሻንጣው ይዞ የመጣ ከሆነ፣ ከሁለት አንዱን መምረጥ ይኖርበታል፤ ወይ ገንዘብና ሰዓት መድቦ ከአስጎብኚ ጋር እየቆመ ያዳምጣል፣ ወይ በማለዳ ተነሥቶ ከተማዋን በገዛ እግሩ ያቋርጣታል። ሁለቱም ሮምን ያሳያሉ። የሚያሳዩት ግን ይለያያል፤ ዋጋቸውም፣ ድካማቸውም፣ የሚጠይቁት ዝግጅትም አይገናኝም።

ምርጫውን የሚያቀለው ስፍራዎቹን አፍ የሚሹና እግር የሚሹ ብሎ መለየት ነው። አንዳንዱ ቦታ ታሪኩን የሚነግር ሰው ካላገኘ የድንጋይ ክምር ሆኖ ይቀራል፤ አንዳንዱ ደግሞ ምንም ያህል ቢነገርለት፣ ርቀቱንና አቀበቱን በእግር ያልለካ ሰው አይገባውም። ይህ ጽሑፍ የሚከተለውም ይህንኑ መለያ ነው። ሰዓቶቹ በእኛ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር ዘመኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሚነግር ሰው የሚሹ ስፍራዎች

ቀዳሚው የሮማውያን ፎረም ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት የሮም ፍርድ፣ አምልኮና ንግድ የተካሄደበት ይህ ሸለቆ ዛሬ ለማያውቀው ዓይን የተሰበረ ዓምድ፣ የተደረመሰ ግንብና አቧራማ ጎዳና ነው። የተለያየ ዘመን ፍርስራሾች ጎን ለጎን፣ አንዳንዴም አንዱ በሌላው ላይ ስለሚገኙ የትኛው የትኛውን እንደሚቀድም በማየት ብቻ መለየት አይቻልም። በፎረሙ ዳር የቆመውን የቲቶን ቅስት እንውሰድ። በውስጠኛው ግድግዳው ላይ የሮም ወታደሮች ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ70 ከፈረሰው የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የዘረፉትን ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ ተሸክመው ሲያልፉ ተቀርጿል። የዚያን መቅደስ ጥፋት በመጽሐፍ ሲያነብ ላደገ ሰው ይህን ምስል በዓይኑ ማየት ትልቅ ነገር ነው፤ ሆኖም ቀና ብሎ እንዲመለከት የሚጠቁመው ከሌለ፣ እንደ ብዙው ጎብኚ፣ ፎቶ አንሥቶ በአጠገቡ ያልፋል። ለአንድ ጉብኝት ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ያለው ሰው በፎረሙና ከእሱ በላይ ባለው በፓላቲኖ ኮረብታ ላይ ቢያውለው ይሻላል።

ኮሎሲየም ራሱ በአንጻሩ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ንጉሠ ነገሥት ቬስፓስያን ያስጀመረውን፣ ልጁ ቲቶ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ80 ያስመረቀውን ይህን ግንብ ያየ ሁሉ ምን እንደነበረ በቅርጹ ይረዳል። አስጎብኚ ልዩነት የሚያመጣው አውሬዎቹና ተፋላሚዎቹ ይጠበቁበት ወደነበረው ምድር ቤት ሲወረድ ነው፤ ለዚያም ከመደበኛው የተለየ ትኬት ያስፈልጋል።

የቅዱስ ቀሌምንጦስ ቤተ ክርስቲያን ከኮሎሲየም ጥቂት መቶ ሜትሮች ርቃ ትገኛለች። ላይኛዋ ቤተ ክርስቲያን የ12ኛው ክፍለ ዘመን ናት፤ ከሥሯ የ4ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ከዚያም በታች የሮማውያን ዘመን ሕንጻና ሚትራ የተባለው አምላክ ይመለክበት የነበረ ዋሻ መሰል ክፍል ይገኛል። ሮም ራሷን በራሷ ላይ እየደራረበች የኖረች ከተማ መሆኗን በአንድ ደረጃ መውረድ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ደረጃውን የሚያወርደው ሰው የትኛው ግድግዳ የየትኛው ዘመን እንደሆነ እየነገረ ካወረደው ጉብኝቱ እጥፍ ዋጋ ያገኛል።

ምርጫው ከጎብኚው እጅ የወጣባቸውም ቦታዎች አሉ። ቪያ አፒያ በተባለው ጥንታዊ ጎዳና አካባቢ ያሉት የቅዱስ ካሊስቶስ፣ የቅዱስ ሰባስቲያኖስና የዶሚቲላ የምድር ውስጥ መቃብሮች፣ ካታኮምብ የሚባሉት፣ ያለ አስጎብኚ አይገቡም፤ አስጎብኚው ከመግቢያ ትኬቱ ጋር አብሮ ይሰጣል። የቫቲካን የአትክልት ስፍራም እንዲሁ ቀድሞ በተያዘ ጉብኝት ብቻ የሚታይ ነው። ይህ የአትክልት ስፍራ ለእኛ የተለየ ትርጉም አለው። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ተብላ የምትጠራው ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ አራተኛ ስፍራውን ለአፍሪካ ቀንድና ለግብፅ መነኮሳት ሰጥተው ነበር። በ1548 እና 1549 በሮም የታተመው የግእዝ አዲስ ኪዳን የተዘጋጀው እዚያ ይኖሩ በነበሩት በአባ ተስፋ ጽዮንና በባልንጀሮቻቸው ድካም ነው፤ አባ ጎርጎርዮስም ከጀርመናዊው ሊቅ ከሉዶልፍ ጋር የተዋወቁት በ17ኛው ክፍለ ዘመን በዚሁ ማኅበር በነበሩበት ወቅት ነው። የጉብኝቱ መስመር ወደዚህች ቤተ ክርስቲያን የሚቀርብ መሆን አለመሆኑን ቦታ በሚያስይዙበት ጊዜ መጠየቅ አይርሱ።

በቫቲካን ሙዚየሞች ውስጥ የአስጎብኚ ጥቅም በአንድ ልዩ ምክንያት ይጎላል። በሲስቲን ጸሎት ቤት መናገር ክልክል ነው፤ ስለዚህ አስጎብኚዎች ሚካኤል አንጄሎ ከ1508 እስከ 1512 የሳለውን ጣሪያና ከ1536 እስከ 1541 የሠራውን የመጨረሻውን ፍርድ ሥዕል አስቀድመው በግቢው ውስጥ በምስል እያሳዩ ያስረዳሉ። ማብራሪያውን ሰምቶ የገባ ሰው አንገቱን አቅንቶ የሚፈልገውን ያውቃል፤ ሳይሰማ የገባው ግን በሕዝብ መካከል እየተገፋ መቼ እንደወጣ ሳያውቀው ይወጣል።

የጉብኝት ዓይነቶች፣ ዋጋና ጥንቃቄ

አስጎብኚ ማለት አንድ ዓይነት አገልግሎት አይደለም። ሰንደቅ ወይም ጃንጥላ ይዞ ሠላሳ ሰው የሚመራው የጅምላ ጉብኝት ርካሽ ነው፤ ድምፁም በጆሮ ማዳመጫ ስለሚደርስ ወደኋላ የቀረም ይሰማል። ሆኖም ጥያቄ ለመጠየቅ አያመችም፤ ፍጥነቱም የሚወሰነው በዘገምተኛው ሰው ነው። ከአሥር የማይበልጡ ሰዎች የሚሳተፉበት አነስተኛ ቡድን ዋጋው ከፍ ቢልም ለብዙው ተጓዥ ሚዛናዊው ይህ ነው። ከዚህ ሌላ ክፍያ ሳይጠየቅ ጀምሮ በመጨረሻ በጉርሻ የሚከፈልበት የእግር ጉብኝት አለ፤ ትሬቪን፣ ፓንቴዮንንና ፒያሳ ናቮናን የመሰሉ ክፍት አደባባዮችን ለመቃኘት ይበቃል፤ ትኬት የሚጠይቁ ስፍራዎች ውስጥ ግን በአብዛኛው አያስገባም። የተቀዳ ድምፅ በስልክ ማዳመጥ ደግሞ ብቻውን መሆን ለሚወድ ሰው ጥሩ ነው፤ ችግሩ አድማጩ ያልጠየቀውን እየመለሰ የጠየቀውን የማይመልስ መሆኑ ነው።

የግል አስጎብኚ ውድ ነው። እንዲህም ሆኖ ሮም ከኢትዮጵያ ጋር ያላትን ታሪክ መከታተል ለሚፈልግ ሰው ገንዘቡ የሚያስቆጭ አይደለም፤ ምክንያቱም የተለመደው የጉብኝት መስመር በእነዚህ ቦታዎች በዝምታ ያልፋል። በባቡር የመጣ መንገደኛ ሁሉ ከተርሚኒ ጣቢያ ወጥቶ በመጀመሪያ የሚረግጠው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ፣ ማለትም የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶዎቹ በ1887 ራስ አሉላ በዶጋሊ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ከጣቢያው ጥቂት ራቅ ብሎ ስማቸው የተጻፈበት የመታሰቢያ ሐውልት ቆሟል፤ አናቱ ላይ ያለው የግብፅ ሐውልት የፈርዖን ራምሴስ ዘመን ነው። በፋሺስት ዘመን ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት የተተከለውም በዚሁ መታሰቢያ ሥር ነበር፤ ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. ሰይፉን መዝዞ የተነሣው በዚህ ቦታ ነው። አንበሳው በኋላ ወደ አገሩ ተመልሷል። በላተራን ቅዱስ ዮሐንስ ባሲሊካ አቅራቢያ ደግሞ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከተካሄደው ውጊያ ስሙን የወሰደው የአምባ አራዶም ጎዳና አለ። እነዚህን ስፍራዎች በቅደም ተከተል የሚያገናኝ ጉብኝት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ከአስጎብኚው ጋር ተጻጽፎ መስማማት አለበት፤ በዕለቱ የሚጠየቅ ነገር አይደለም። ጉብኝቶቹ በብዛት የሚሰጡት በጣሊያንኛ፣ በእንግሊዝኛና በሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎች ስለሆነ የቋንቋውንም ጉዳይ በዚያው ማንሣት ይጠቅማል።

በጣሊያን አስጎብኚነት ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ ነው። ስለዚህ በኮሎሲየም ዙሪያ እየተጠጉ «ያለ ወረፋ እናስገባዎታለን» ከሚሉ ሰዎች ጋር ከመዋዋል በፊት ፈቃዱን ማየት ተገቢ ነው። በቀረበው ዋጋ ውስጥ የመግቢያ ትኬቱ መኖር አለመኖሩንም ይጠይቁ፤ አንዱን ጉብኝት ከሌላው ርካሽ የሚያስመስለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ልዩነት ነው። ለማነጻጸር እንዲረዳ፣ በ2024 የኮሎሲየም፣ የፎረምና የፓላቲኖ መደበኛ የጋራ ትኬት 18 ዩሮ፣ የፓንቴዮን 5 ዩሮ፣ የቫቲካን ሙዚየሞች 20 ዩሮ ሲሆን፣ ለሙዚየሞቹ በኢንተርኔት ቀድሞ ለማስያዝ 5 ዩሮ ይጨመር ነበር። የኮሎሲየም ትኬት በስም የሚቆረጥ ስለሆነ ፓስፖርት ወይም ሌላ መታወቂያ መያዝ ግድ ነው። ከዚህ በላይ የሚጠየቀው ገንዘብ የአስጎብኚው ዋጋ ነው ማለት ነው፤ ያንን ከሚያገኙት ሰዓትና ከቡድኑ ብዛት ጋር አስተያይተው ይወስኑ።

ሩጫ የሚያሳየው ሌላው ሮም

በቀን ብርሃን የትሬቪን ፏፏቴ የሚያይ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያየው የሰው ጀርባ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ በሶምሶማ እየሮጠ የደረሰ ሰው ግን የውሃውን ድምፅ ይሰማል። የሩጫ ዋናው ብልጫ ይህ ነው፤ ትኬት ሳይቆረጥ፣ ወረፋ ሳይያዝ፣ ከተማዋ ከመንቃቷ በፊት አደባባዮቿን ባዶ ማግኘት። በሰኔ ፀሐይ ከ12 ሰዓት በፊት ስለምትወጣ ለዚህ ይመቻል፤ በታኅሣሥ ግን የምትወጣው 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ጊዜው ያጥራል። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ ከ3 ሰዓት በኋላ መሮጥን አልመክርም።

የማዕከላዊው ከተማ ሩጫ ትልቁ ችግር መሬቱ ነው። ሳምፒየትሪኒ የሚባሉት ጥቁር የባዛልት ጥርብ ድንጋዮች እኩል ያልተነጠፉ፣ በመካከላቸው ክፍተት ያለባቸው፣ ዝናብ ሲነካቸው ደግሞ የሚያዳልጡ ናቸው። ቁርጭምጭሚቱ ቀድሞ የተጎዳ ሰው በእነርሱ ላይ ፍጥነት መጨመር የለበትም። በመሆኑም ከፖፖሎ በስፓኝ ደረጃዎች፣ በትሬቪ፣ በፓንቴዮንና በናቮና አድርጎ ወደ ቅዱስ መልአክ ድልድይ የሚያወጣውን መስመር እንደ ልምምድ ሳይሆን እንደ ቅኝት ቆጥሮ፣ እያዘገሙና እየቆሙ መሮጥ ይሻላል። እሑድና በበዓላት ቀን ለመኪና የሚዘጋው ቪያ ዴይ ፎሪ ኢምፔሪያሊ ግን ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፤ በአንድ በኩል ፎረሙን፣ ፊት ለፊት ኮሎሲየምን እያዩ ይሮጡበታል።

እኩል መሬት የሚፈልግ ሯጭ ወደ ቴቬሬ ወንዝ ይውረድ። ከ1870ው ታላቅ ጎርፍ በኋላ ወንዙ በረጃጅም ግንቦች ስለታጠረ የታችኛው ዳር ከመንገዱ ጫጫታ ተለይቶ ጸጥ ያለ ነው። ከቅዱስ መልአክ ድልድይ እስከ ቴቬሬ ደሴት ያለው ክፍል ከሁለት ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። በዚሁ ግንብ ላይ ደቡብ አፍሪካዊው ሠዓሊ ዊልያም ኬንትሪጅ በ2016 የዘመናት ጥቀርሻ እየታጠበ እንዲነሣ አድርጎ የሠራው የሮም ድልና ኀዘን ሰልፍ አለ፤ ጥቀርሻው ተመልሶ ስለሚያለብሰው ከዓመት ዓመት እየደበዘዘ ይሄዳል። ደሴቱን ከከተማው የሚያገናኘው የፋብሪቺዮ ድልድይ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ62 ዓመት የተሠራ ሲሆን ዛሬም ያሻግራል። በብርዱ ወራት ወንዙ ሲሞላ የታችኛው መንገድ ስለሚጠለቅ ዝናብ በጣለ ሰሞን አይወረድም።

ከፓርኮቹ ውስጥ ታሪክንና ሩጫን አብሮ የሚሰጠው ቪላ ቦርጌዜ ነው። ስፋቱ 80 ሄክታር ያህል ሲሆን፣ ከፒንቾ እርከን ላይ ቆመው ቢመለከቱ ፒያሳ ዴል ፖፖሎ ከሥር፣ የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ከማዶ ይታያል። ቪላ ዶሪያ ፓምፊሊ ከሁለት እጥፍ በላይ የሚሰፋ፣ አፈራማና ለረጅም ሩጫ የተመቸ ነው፤ ከተማዋን ለማየት የመጣ ሰው ግን እዚያ የሚያየው ዛፍና ሣር ነውና ቀናቱ ጥቂት ከሆኑ ይዝለለው። ቺርኮ ማሲሞ ርዝመቱ 600 ሜትር ያህል ነው። የሠረገላ ውድድር ይካሄድበት የነበረው ይህ ሜዳ ዛሬ ሣር ለብሶ ለሕዝብ ክፍት ሆኗል፤ ከላዩ የፓላቲኖ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ይታያል። የጥንት ሮማውያን ለውድድር በሠሩት ቦታ መዞር ለሯጭ የሚሰጠውን ደስታ በቃል ለማስረዳት መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

ውሃ መሸከም አያስፈልግም። ከ1874 ጀምሮ በየጎዳናው የተተከሉት፣ ሮማውያን በቅርጻቸው ናዞኒ፣ ትልልቅ አፍንጫዎች፣ የሚሏቸው የብረት ቧንቧዎች ቀንና ሌሊት ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ያፈሳሉ። የቧንቧውን አፍ በጣት ሲደፍኑት ውሃው ከላይ ባለች ቀዳዳ ወደ ላይ ስለሚፈናጠር ጎንበስ ሳይሉ መጠጣት ይቻላል።

አንድ ነገር ግን ሯጭን ያስቸግረዋል፤ አለባበስ። በቅዱስ ጴጥሮስም ሆነ በሌሎቹ ታላላቅ ባሲሊካዎች ትከሻና ጉልበት የሚያሳይ ልብስ የለበሰ አይገባም። በመሮጫ ቁምጣ የወጣ ሰው ከተማዋን ከደጅ ብቻ ነው የሚያያት። ቀለል ያለ ረጅም ሱሪና ነጠላ መሰል ሻርፕ በትንሽ የጀርባ ቦርሳ ይዞ መሮጥ ይቻላል፤ ሆኖም በላብ ርሶ ወደ ቤተ መቅደስ መግባት ለራስም ደስ አይልምና ሩጫውንና የቤተ ክርስቲያን ጉብኝቱን በተለያየ ሰዓት ማድረግ ይመረጣል።

ቪያ አፒያ እና የአበበ መንገድ

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ለአዲሱ ዓመት አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የሮም ኦሎምፒክ ማራቶን ሯጮች ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ሥር ተነሡ። ከከተማው ወጥተው ሲመለሱ መሽቶ ነበር፤ በቪያ አፒያ አንቲካ ድንጋይ ላይ መንገዱን ያበሩላቸው የነበሩት ችቦ የያዙ ወታደሮች ናቸው። አበበ ቢቂላ ባዶ እግሩን፣ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ትከሻ ለትከሻ እየሮጠ፣ በፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና ቆሞ በነበረው የአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ተፈተለከ፤ ያችን ስፍራ ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር ቀድመው መርጠዋት ነበር። በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ፤ የዓለም ምርጥ ሰዓት ነበር፤ ሁለተኛው የደረሰው 25 ሰከንድ ዘግይቶ ነው።

ይህን ታሪክ ማንም አስጎብኚ በሁለት ደቂቃ ሊነግር ይችላል። መንገዱን ግን እግር ካልነካው አይታወቅም፤ ስለዚህ በሮም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሮጥ ኢትዮጵያዊ ካለ በዚህ መስመር ይሩጥ እላለሁ። ከፖርታ ካፔና ተነሥቶ በካራካላ መታጠቢያዎች አጠገብ ወደ ፖርታ ሳን ሰባስቲያኖ በር፣ ከበሩም ወጥቶ እስከ ቼቺሊያ ሜቴላ መቃብር ሲደርስ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ አሥር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 ዓመት የተጀመረው ይህ ጎዳና በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከመቃብሩ በኋላ በየቦታው የጥንቱ ትላልቅ ድንጋይ ንጣፍ ይመጣል፤ የሠረገላ ጎማ የቦረቦረው ፈለግ ይታያል፤ በግራና በቀኝ የፈራረሱ መቃብሮችና ረጃጅም ጥዶች ተሰልፈዋል። በጫማ እንኳ እያንዳንዱን እርምጃ መምረጥ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ሯጩ ቆም ብሎ በጨለማ፣ ከሠላሳ ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ባዶ እግር እዚህ መሮጥ ምን ማለት እንደነበር ያስባል።

የመንገዱ አስጊ ክፍል ከበሩ እስከ ኩዎ ቫዲስ ቤተ ክርስቲያን ያለው ነው። በሁለቱም ወገን ግንብ የያዘው ጠባብ አስፋልት የእግረኛ መንገድ የለውም፤ መኪናዎችም ይበዙበታል። እሑድና በበዓላት ቀን የመኪና እንቅስቃሴው ስለሚገደብ ለሩጫ የሚመረጠው ያ ቀን ነው። በሌላ ቀን የሚሮጥ ሰው ከቤተ ክርስቲያኗ ጀምሮ፣ የቅዱስ ካሊስቶስ ካታኮምብ ግቢ ክፍት ከሆነ፣ በግቢው ውስጥ በሚያልፈው ጸጥ ያለ መንገድ ቢሄድ ይሻለዋል።

ወደ ፖርታ ካፔና የተመለሰ ሯጭ የአክሱምን ሐውልት አያገኘውም። በ1937 ተወስዶ እዚህ የተተከለው፣ 24 ሜትር ቁመትና 160 ቶን ያህል ክብደት ያለው ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ወደ አክሱም ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በቦታው ቆሟል። በስተጀርባው የነበረው፣ ለጣሊያን የአፍሪካ ሚኒስቴር ተብሎ የተጀመረው ሕንጻ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ባዶ ቦታን ማየት የሚያስደስትባቸው አጋጣሚዎች ጥቂት ናቸው፤ ይህ አንዱ ነው።

እየሮጡ የሚያስጎበኙ

ሁለቱን ለማጣመር የሚሞክር ሦስተኛ አማራጭም አለ፤ አስጎብኚው ራሱ ከእንግዳው ጋር እየሮጠ፣ በየሥፍራው ለአፍታ እየቆመ ይናገራል። መንገድ መጥፋትን ለሚፈራ፣ ወይም ብቻውን በማለዳ መውጣትን ለማይወድ ሰው፣ በተለይም ለሴት ሯጮች፣ ደህና ምርጫ ነው። ማብራሪያው ግን አጭር መሆኑ አይቀርም፤ የፎረሙን ታሪክ በአንድ ትንፋሽ መንገር አይቻልም። እንደ አስጎብኚ ብዙ አይሰጥም፤ እንደ መንገድ መሪ ከተቆጠረ ግን ገንዘቡን ያወጣል። ከመመዝገብ በፊት የሚሮጥበትን ፍጥነትና ርቀት በግልጽ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለማን የትኛው

አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ሩጫውን ይተወውና ጠዋት በፎረምና በኮሎሲየም አነስተኛ ቡድን ውስጥ ይግባ፤ ከሰዓት በኋላ አደባባዮቹን በራሱ ይዙር። አንድ ቀን ሩጦ ሮምን አየሁ ማለት ይቻላል፤ ምን እንዳየ ሲጠየቅ ግን መልስ ያጣል።

ሁለት ወይም ሦስት ቀን ላለው፣ ቅደም ተከተሉ ከምርጫው ይልቅ ወሳኝ ነው። ብዙዎች ጉብኝቱን አስቀድመው ሩጫውን ለተረፈ ሰዓት ያቆዩታል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው፤ በመጀመሪያው ማለዳ ማዕከላዊውን ከተማ በሶምሶማ አንድ ጊዜ መዞር፣ የትኛው ቦታ ከየትኛው እንደሚጎራበት በእግር መያዝ፣ ያልገባውን ነገር ማስታወስ፣ ከዚያ በማግስቱ ያንን ጥያቄ ይዞ ወደ አስጎብኚ መሄድ። አስጎብኚ «ከዚህ ኮረብታ ወደዚያ ሸለቆ ወረዱ» ሲል ዳገቱን በጭኑ የሚያውቅ ሰው ከሌላው በተለየ ይሰማዋል። ሦስተኛው ቀን እሑድ እንዲውል ማመቻቸት ከተቻለ ደግሞ አፒያ ለሩጫ፣ ካታኮምቡ ለጉብኝት በአንድ ጉዞ ይጠናቀቃሉ፤ ለካታኮምቡ ረጅም ልብስ ይያዝ፤ ከምድር በታች ይበርዳልና።

ከልጆችና ከአረጋውያን ጋር የሚጓዝ ሰው ሩጫውን ቤተሰቡ ከመነሣቱ በፊት ጨርሶ፣ ቀኑን ለአጭር ጉብኝት ይስጥ፤ ፎረሙ ጥላ የሌለውና ድንጋያማ ስለሆነ በሙቀቱ ወራት ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይባቸው። በልምምድ ላይ ያለ ጠንካራ ሯጭም ፍጥነቱን በወንዙ ዳርና በቪላ ዶሪያ ፓምፊሊ ያውጣ፤ በሳምፒየትሪኒ ላይ ደቂቃ መቁጠር ጉዳት ከመጋበዝ በቀር ትርፍ የለውም።

መሮጥ የማይችል ሰው ደግሞ ከአበበ መንገድ አይቀርም። ከፖርታ ሳን ሰባስቲያኖ በር እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ያለው ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ በእርጋታ ከአርባ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ነው። የሚመረጠው ሰዓት ጀምበር ከማዘቅዘቋ በፊት ነው፤ ከበሩ ተነሥቶ፣ በሁለት ግንቦች መካከል በሚያልፈው ጎዳና ወርዶ፣ ፖርታ ካፔና ላይ ጥቂት ቆሞ፣ በቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ቅስቱ መብራት ሲበራበት ይደረስበታል።